ልሳኑን መለሱለት፣ ጥፋቱን ወሰዱበት

ጊዬርሞ ዴል ቶሮ «ፍራንከንስታይን» የተሰኘውን ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ያቀረበው በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል፣ ኦገስት 30 ቀን 2025 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዕለቱ የደራሲዋ የሜሪ ሼሊ ልደት ነው፤ ብትኖር 228 ዓመት ይሞላት ነበር። ፊልሙ በኖቬምበር በኔትፍሊክስ በኩል ወደየቤቱ ሲገባ ብዙ አድናቂዎቹ፣ በመጨረሻ ለመጽሐፉ የታመነ ሥራ አገኘን ብለው ተቀበሉት። ምክንያት አላቸው። በሲኒማ ለአሥርት ዓመታት ሲያጉረመርም የኖረው ፍጡር እዚህ ይናገራል፣ ያነባል፣ ታሪኩን በራሱ አንደበት ይተርካል። እኔ ግን ከፊልሙ በኋላ መጽሐፉን መለስ ብዬ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ዴል ቶሮ ለፍጡሩ ልሳኑን ሲመልስለት ጥፋቱን ወስዶበታል። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ የሚነጣጠሉ አልነበሩም።

ልቦለዱ በጃንዋሪ 1818 ሲወጣ የደራሲ ስም አልነበረበትም፤ የታተመውም 500 ቅጂ ብቻ ነው። ሜሪ ታሪኩን የጀመረችው በ1816 ክረምት፣ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር፣ በ18 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን አየር አበላሽቶት ዝናቡ አላባራ ሲል፣ ገጣሚው ሎርድ ባይረን ሜሪን ጨምሮ እንግዶቹን እያንዳንዳቸው የሙታን መንፈስ ታሪክ እንዲጽፉ ጋበዛቸው። ይህ ሁሌ የሚነገር ነው። ከዚያ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የመጽሐፉ አወቃቀር ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዘው ዋልተን ለእህቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በደብዳቤው ውስጥ ከበረዶ ላይ ያነሣው ቪክቶር ፍራንከንስታይን ታሪኩን ይናገራል፤ በቪክቶር ታሪክ ውስጥ ደግሞ ቪክቶር የፈጠረው ፍጡር ቃሉን ይሰጣል። ነገሩ ችሎት ነው። ፈጣሪው ሲናገር ፈጣሪውን ታምናለህ፣ ፍጡሩ ሲናገር ወደ ፍጡሩ ታዘነብላለህ። ግራ ቀኙን የሰማው ዋልተን ግን አይፈርድም፤ ሜሪ ሼሊም አትፈርድም።

የፍጡሩ ቃል የመጽሐፉ ልብ ነው። በአንድ ጎጆ ግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቀ፣ በድህነት የሚኖሩትን የዴ ላሲን ቤተሰብ እየሰማ ቋንቋ ይማራል። ጫካ ውስጥ ወድቆ ባገኘው ሻንጣ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት አሉ፦ የሚልተን «የጠፋችው ገነት»፣ የፕሉታርክ የታላላቅ ሰዎች ገድል፣ የጎተ ወጣቱ ቬርተር። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች የደረሰባቸውን ሲሰማ ያለቅሳል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት ያናግረዋል፤ ዓይን ያለው ወንድ ልጁ ግን ባየው ቅጽበት ደብድቦ ያባርረዋል። አንባቢ እስከዚህ ድረስ ፍጡሩን በሙሉ ልቡ ይከተለዋል። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አንደበተ ርቱዕነት፣ ዊልያም የሚባለውን የቪክቶርን ትንሽ ወንድም እንዴት አንቆ እንደ ገደለ ይነግረናል። በዚህም አይበቃውም፤ ከልጁ አንገት የወሰደውን የእናት ምስል ያለበት ጌጥ ጎተራ ውስጥ ተኝታ ባገኛት በጀስቲን ልብስ እጥፋት ውስጥ ይሸጉጠዋል። ጀስቲን የቤቱ አገልጋይ ናት። ያደረገውን አውቆ፣ አስቦበት ነው ያደረገው።

መድረክ ይህን መሸከም አልፈለገም። በ1823 ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ታሪኩን ለንደን ውስጥ ለቴአትር ሲያዘጋጀው ፍጡሩን ድዳ አደረገው። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ በተዋናዩ በቲ.ፒ. ኩክ ስም ትይዩ፣ የገጸ ባህርዩ ስም ሊጻፍበት የሚገባው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበር። ሜሪ ሼሊ በዚያው ዓመት ኦገስት ከአባቷ ከዊልያም ጎድዊን ጋር ሄዳ አይታዋለች፤ ስም የለሹን እንዲህ መሰየማቸውንም ወዳዋለች። ፍሪትዝ የሚባለው የላቦራቶሪ ረዳትም ከዚህ ተውኔት የመጣ ነው እንጂ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሲኒማ ከመወለዱ 70 ዓመት ግድም በፊት፣ ዛሬ ብዙ ሰው የፍራንከንስታይን ታሪክ ብሎ የሚያውቀው ነገር ግማሹ ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ቀሪውን ግማሽ ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል በ1931 ሠራው። የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልም መነሻ ያደረገው መጽሐፉን በቀጥታ ሳይሆን የፔጊ ዌብሊንግን ተውኔት ነው። ደራሲዋንም በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ የባሏ ሚስት አድርጎ፣ ሚስስ ፐርሲ ቢ. ሼሊ ብሎ ጠራት። ፍጡሩን የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ በዚያው መክፈቻ ላይ ስም አልተሰጠውም፤ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተቀመጠ። የጃክ ፒርስ ሜካፕ የፈጠረው ጠፍጣፋ አናትና አንገት ላይ የተሰካው ብረት እስከ ዛሬ ከአእምሮ አልወጣም። ድምፅ ወደ ሲኒማ ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሁሉም በሚናገርበት በዚያ ዘመን ተመልካችን የያዘው ግን አንድም ቃል የማይናገረው ተዋናይ ሆነ። ይህን እንደ ክህደት ብቻ ማየት ትክክል አይመስለኝም። ካርሎፍ ከጣራው ወደሚገባው ብርሃን እጁን ሲዘረጋ፣ ሜሪ ሼሊ በብዙ ገጽ የጻፈችው የአዲስ ሕይወት ግራ መጋባት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አለ። ካሜራ የፊትና የእጅ ወዳጅ ነው፤ ለረጅም ንግግር ግን ትዕግሥት የለውም።

በዚያ ፊልም የከፋው የቃሉ መጥፋት ሳይሆን አንዲት ብልቃጥ ናት። ፍሪትዝ የጤነኛውን ሰው አንጎል ከእጁ ይጥልና በምትኩ የወንጀለኛ አንጎል ያለበትን ብልቃጥ ይዞ ይመጣል። በዚህች ትንሽ ትዕይንት የመጽሐፉ ሐሳብ ተገለበጠ። በሜሪ ሼሊ ዘንድ ፍጡሩ ሲፈጠር ደግ ነው፤ ያከፋው መጣሉ ነው። በዌል ፊልም ክፋቱ አብሮት ተሰፍቷል። የአባቷን የጎድዊንን ጽሑፎች እያነበበች ያደገች ልጅ፣ ሰውን ማኅበረሰቡ ያበላሸዋል የሚለውን ሐሳብ ከቤቷ ነው ያገኘችው፤ ለመጽሐፉ መታሰቢያ የመረጠችውም ያንኑ አባቷን ነው። ደግነቱ ካርሎፍ የፊልሙን ጽሑፍ አልሰማውም። አጨዋወቱ በየትዕይንቱ ብልቃጧን ይቃወማታል፤ ፊልሙን ለዘጠና ምናምን ዓመት በሕይወት ያኖረውም ይህ ግጭት ይመስለኛል።

በሐይቁ ዳር ያለው ትዕይንት ለዚህ ምስክር ነው። ትንሿ ማሪያ ፍጡሩን አትፈራውም፤ አበባ ሰጥታው አብረው ውኃ ላይ ያንሳፍፋሉ። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። የወቅቱ ሳንሱር ውርወራውን ቆረጠው፤ ትዕይንቱም እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ እንዲያበቃ ተደረገ። ቀጥሎ የሚታየው ሬሳዋን ተሸክሞ የሚሄድ አባት ነው። በመካከሉ ምን እንደ ሆነ ተመልካች በራሱ ሐሳብ እንዲሞላው ስለ ተተወ፣ የተቆረጠው ከተቀረጸው የባሰ አስቀያሚ ሆነ። ቁራጩ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በመጽሐፉ ልጅ የሚገደለው በበቀል ነው፤ በፊልሙ ባለማወቅ። ፍጡሩን ከጥፋት የማንጻቱ ሥራ የተጀመረው በዴል ቶሮ አይደለም።

ከመጽሐፉ ሴራ ምንም ሳይወስድ ሐሳቡን ብቻ የወሰደ ፊልም ብጠየቅ የስፔኑን የቪክቶር ኤሪሴን የ1973 ሥራ፣ «የንብ ቀፎው መንፈስ»ን እጠራለሁ። ዘመኑ 1940 ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ወደ አንዲት የካስቲያ መንደር የሚዞር ሲኒማ የዌልን ፊልም ይዞ ይመጣል። ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት አና ፊልሙን አይታ እህቷን ሁለት ነገር ትጠይቃታለች፦ ልጅቷን ለምን ገደላት? እሱንስ ለምን ገደሉት? ከዚያ በኋላ በተተወ ቤት ውስጥ የተደበቀ የቆሰለ ሰው ታገኛለች፤ ምግብ ትወስድለታለች፣ የአባቷንም ኮት ታለብሰዋለች፤ ታጣቂዎች ይገድሉታል። ፊልሙ የተሠራው ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ሳለ ነው፤ ማን ማንን እንደ ገደለ በግልጽ አይናገርም። የልጅቷ ሁለት ጥያቄዎች ግን የሜሪ ሼሊ መጽሐፍ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኩል ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሽረው።

አሁን ወደ ዴል ቶሮ። ሜክሲኳዊው ዳይሬክተር የዌልን ፊልም ያየው በሰባት ዓመቱ እንደ ነበር ደጋግሞ ተናግሯል። «ፓንስ ላቢሪንዝ»ን፣ «ዘ ሼፕ ኦፍ ዋተር»ን፣ «ፒኖኪዮ»ን በተከታታይ ያየ ሰው ወዴት እያመራ እንደ ነበር አይጠፋውም፤ ሁልጊዜም የሚያደላው ለጭራቁ ነው። የአሁኑን ታሪክ ወደ 1857 አምጥቶታል፤ ሬሳዎቹ የሚሰበሰቡት ከክራይሚያ ጦርነት ሜዳ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ ክሪስቶፍ ዋልትዝ የሚጫወተው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሃርላንደር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋው ፊልም ከመግቢያው ቀጥሎ ለሁለት ተከፍሏል፦ የቪክቶር ታሪክና የፍጡሩ ታሪክ። ክፍፍሉ የመጽሐፉን ችሎት የሚያስታውስ ነው፤ በዚህ ዴል ቶሮ ከቀደሙት የሚበዙትን ይበልጣቸዋል።

ጄኮብ ኤሎርዲ ፍጡሩን የሠራበት መንገድ ሊወደስ ይገባዋል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «ቪክቶር»። ኦስካር አይዛክ የሚጫወተው ፈጣሪ ይህችኑ ቃል ደግሞ ደጋግሞ ሲሰማ ይሰለቻል፣ ከዚያም ይጠላዋል። አባቱን በስሙ የሚጠራ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የሌለው ልጅና ይህን እንደ ድንቁርና የሚቆጥር አባት፤ ከዚህ የተሻለ የመጽሐፉን ሐሳብ ወደ ሥዕል የለወጠ ትዕይንት በሌላ የፍራንከንስታይን ፊልም አላየሁም። በወፍጮ ቤቱ ከዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ጋር የሚያሳልፈው ክረምትም እንዲሁ ነው፤ ንባብ ሲጀምር ፊቱ ላይ የሚሆነውን ማየት በራሱ ይበቃል።

ነገር ግን የሞቱትን እንቁጠር። በመጽሐፉ ፍጡሩ ዊልያምን፣ የቪክቶርን ጓደኛ ክለርቫልንና ሙሽራዋን ኤልዛቤትን በእጁ ይገድላል፤ ጀስቲንን በተንኮል ለሞት ያበቃታል። በፊልሙ ክለርቫል የለም። ዊልያም ጎልማሳ ሆኗል፤ የሚሞተውም በግርግር መካከል ነው። ኤልዛቤት የምትሞተው ፈጣሪው ፍጡሩን ለመምታት በተኮሰው ጥይት ነው። ቪክቶርን ከበረዶ ላይ ባነሣው መርከብ ላይ ፍጡሩ የሚገድላቸው መርከበኞች አሉ፤ ግን የታጠቁና የሚተኩሱበት ናቸው፣ ስማቸውንም አናውቅም። ዊልያም ሊሞት ሲል ጭራቁ አንተ ነህ ብሎ ለቪክቶር ፊት ለፊት ይነግረዋል። እዚህ ላይ ፊልሙ ተመልካቹን አላመነውም። መጽሐፉ በ200 ዓመት አንድ ጊዜም ያላለውን፣ አንባቢ በየዘመኑ ራሱ እየደረሰበት የኖረውን ነገር ለገጸ ባህርይ አፍ ሰጥቶ አስነገረው።

ለውጡ በፍጡሩ ብቻ አላበቃም። በመጽሐፉ ቪክቶር በፍቅር ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ ርኅሩኅ ነው፣ ቤቱ ሞልቶ የተረፈው ነው። ለዚህ ነው ሰበብ የሌለው። ፊልሙ ግን ቻርልስ ዳንስን ጨካኝ፣ ልጁን የሚገርፍ አባት አድርጎ አምጥቷል፤ ቪክቶርም የተገረፈውን ያህል ፍጡሩን በተራው ይገርፋል። ዴል ቶሮ ፊልሙ ስለ አባትና ልጅ እንደሆነ ገልጿል፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ለሚሉትም አይደለም ብሎ፣ በፊልም ሥራው ያንን ቴክኖሎጂ ከመጠቀም ሞት እንደሚመርጥ መልሷል። የአባትና ልጅ ንባቡ እውነት አለው። ግን ግርፋቱ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ከሆነ በመጨረሻ ተጠያቂው ማን ነው? ማንም። ሁለቱም ተበዳይ ይሆናሉ፤ ችሎቱም ጉዳዩን ዘግቶ ይበተናል።

አንድ ለውጡን ግን ወድጄለታለሁ። በመጽሐፉ የቪክቶር እናት የምትሞተው ኤልዛቤትን ስታስታምም በያዛት በሽታ ነው። በፊልሙ ዊልያምን ስትወልድ ትሞታለች፤ ሞትን የማሸነፍ እብደቱም ከዚያ ይነሣል። እናቲቱንም ኤልዛቤትንም የምትጫወተው አንዲት ተዋናይት፣ ሚያ ጎት ናት። የሜሪ ሼሊ እናት፣ የሴቶች መብት ተሟጋቿ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት፣ ልጇን በወለደች በ11ኛው ቀን ነው የሞተችው። ሜሪ ራሷም በ1815 ያለ ጊዜዋ የተወለደች የመጀመሪያ ልጇን በቀናት ውስጥ አጥታለች፤ ሕፃኗ ቀዝቅዛ ነበር እንጂ አልሞተችም፣ እሳት ዳር ሲያሹአት ነቃች የሚል ሕልም ማየቷንም በማስታወሻዋ ጽፋለች። ዴል ቶሮ የደራሲዋን ሕይወት ወደ ድርሰቷ ውስጥ አስገብቶታል። ያልተጻፈውን ጨምሮ ለመጽሐፉ መቅረብ እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ፊልሙ ከመጽሐፉ በጣም የሚርቀው ግን በፍጻሜው ነው። በመጽሐፉ ቪክቶር በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ያለፈ ሥራውን መርምሮ ራሱን የሚወቅስበት ነገር አያገኝም። ከሞተ በኋላ ፍጡሩ መጥቶ በሬሳው ላይ ይቆማል፤ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ የሚጠይቀውም መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ነው። ዴል ቶሮ ገለበጠው። ቪክቶር ገና ትንፋሽ እያለው ልጄ ብሎ ይጠራዋል፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ ፍጡሩም ይቅር ይለዋል። በሲኒማ ቤት አጠገቤ የነበሩት ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ እኔም ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎኝ ነበር። ግን ይቅር ለማለት የተበደለ ሰው ያስፈልጋል፤ ዊልያምን ያጣ፣ ጀስቲንን ያጣ ሰው። እንዲህ ያሉ ተበዳዮችን ከታሪኩ ካወጣሃቸው በኋላ ይቅርታው ርካሽ ይሆናል።

ጀስቲን ሞሪትዝን ብቻዋን ልመልከታት፤ የፊልሞቹ ዕዳ እሷ ላይ ይከማቻልና። በመጽሐፉ ጌጡ ኪሷ ውስጥ ሲገኝ ትከሰሳለች። ኤልዛቤት በችሎቱ ቆማ ትመሰክርላታለች፣ ግን የሚሰማት የለም። እውነተኛውን ገዳይ የሚያውቀው ቪክቶር አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ ቢናገር እብድ ይሉኛል ብሎ። ጀስቲን ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ ታምናለች፤ ምክንያቱም የነፍስ አባቷ ካልተናዘዘች ከቤተ ክርስቲያን እንደምትለይና ገሃነም እንደሚጠብቃት አስፈራርቷታል። ትሰቀላለች። እዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ የመጽሐፉ ነገር ሁሉ ተሰብስቧል፦ የፍጡሩ ተንኮል፣ የፈጣሪው ዝምታ፣ በድሃ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ዳኝነት፣ በፍርሃት እውነትን የሚያስለውጥ ሃይማኖት። ከሁሉም ንጹሕ የሆነችው ከሁሉም አቅመ ቢስ የሆነችው ናት።

ዌል ጀስቲንን ጨርሶ አላስገባትም። ኬኔት ብራና በ1994 ሮበርት ደ ኒሮን ፍጡር አድርጎ በሠራው ፊልም አስገብቷታል፤ ርዕሱንም የደራሲዋን ስም ጨምሮበታል። ይሁን እንጂ ጀስቲንን የሚገድላት ችሎት ሳይሆን የተቆጣ ሕዝብ ነው፤ እየጎተተ ወስዶ ይሰቅላታል። ትዕይንቱ ያስደነግጣል፣ ግን የደቦ ፍርድ የማንም አይደለም። የሜሪ ሼሊ ክስ በሥርዓት የተቀመጠ፣ ምስክር ሰምቶ፣ መዝገብ ይዞ የተሳሳተ ፍርድ ቤት ላይ ነበር። በዴል ቶሮ ፊልም ደግሞ ጀስቲን የለችም። አንድ መጽሐፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አይገባም፣ የሆነ ነገር መቀነስ ግድ ነው፤ ይህን እቀበላለሁ። የጦር መሣሪያ ነጋዴው ግን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነው፤ ለእሱ ቦታ ተገኝቷል።

ምክንያቱ የጊዜ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። በልቦለዱ የፍጡሩ ቃል ወደ እኛ የሚደርሰው በጠላቱ በቪክቶር አፍ፣ ከዚያም በዋልተን ብዕር ነው፤ ሁለት ጊዜ የተላለፈ ቃል ስለሆነ እያመንነውም እንጠረጥረዋለን። በፊልሙ ፍጡሩ መርከቡ ውስጥ ቪክቶርና መርከብ መሪው ፊት ተቀምጦ ይናገራል፤ ካሜራውም ታሪኩን እየተከተለ ያሳየናል። ተመልካች ደግሞ በዓይኑ ያየውን እንደ ሆነ ይቀበላል። እንዲህ ባለ መንገድ ከቀረበ ተራኪ ጀርባ፣ ልጅ አንቆ የገደለና ገረድ ያሰቀለ ሰው ማቆም ለሲኒማ ከባድ ነው፤ ዋጋውን ከፍሎ የገባውን ተመልካች ማስቀየም ነውና። ቀላሉ መንገድ ከሁለቱ አንዱን መተው ነው። ዌል ቃሉን ተወ፣ ዴል ቶሮ ጥፋቱን።

ሁለቱንም ይዞ መሄድ እንደሚቻል ያሳየ አንድ ሥራ አለ፤ ፊልም ሆኖ የተጀመረ ግን አይደለም። በ2011 የለንደኑ ናሽናል ቴአትር የኒክ ዲርን ተውኔት በዳኒ ቦይል አዘጋጅነት አቀረበ። ቤኔዲክት ካምበርባችና ጆኒ ሊ ሚለር ሚናውን እየተፈራረቁ ይጫወቱት ነበር፤ አንድ ምሽት ፈጣሪ የነበረው በሌላው ምሽት ፍጡር ይሆናል። ተውኔቱ የሚጀምረው በፍጡሩ መወለድ ነው፤ ለረጅም ደቂቃዎች ያለ ቃል መቆም፣ መውደቅ፣ መራመድ ይማራል። ከዚያ ይናገራል፣ ሚልተንን ያነብባል፣ እንወደዋለን። ከዚያም በኤልዛቤት ላይ የሚፈጽመውን ዓይናችን እያየ ይፈጽማል፤ ተውኔቱ አይሸፍንለትም። ሁለቱም ቅጂዎች ተቀርጸው በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶች ታይተዋል። ሁለቱን ያየ ሰው በአንደኛው የጠላውን ፊት በሌላው ተበዳይ ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚህኛው ያዘነለትን ደግሞ በዚያኛው ጥሎት ሲሄድ ያየዋል። ዘዴው ውድ አይደለም፤ ሁለት ተዋናይና ሁለት ምሽት ነው የጠየቀው።